ሲናድ የሚነጣ ገደል

ለንደን ለሚኖር ሐበሻ «ቅዳሜ ሰቨን ሲስተርስ እንሂድ» ብትሉት «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ብሎ ይስቅባችኋል። እሱ የሚያውቀው ሰቨን ሲስተርስ በቶተንሃም በኩል ያለውን የቪክቶሪያ መስመር ባቡር ጣቢያ ነው፤ ያ ጣቢያ ስሙን ያገኘው ድሮ በሰፈሩ ከነበሩ ሰባት ዛፎች ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌሎቹ ሰቨን ሲስተርስ፣ ማለትም ስለ ሰባቱ እህትማማቾች ነው፦ ከለንደን በስተደቡብ፣ በሲፎርድና በኢስትቦርን ከተሞች መካከል፣ ባሕሩ ላይ ተደርድረው ስለቆሙት ነጫጭ ገደሎች። ከቪክቶሪያ ጣቢያ ኢስትቦርን ድረስ ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ 12 ቁጥር አውቶቡስ አለ። ለመግቢያ አይከፈልም። የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው።

ሰባት ይባሉ እንጂ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው ስምንት ያገኛል። ስምንተኛዋ ስም የላትም ማለት ግን አይደለም፤ ሁሉም የየራሳቸው ስም አላቸው። ቤተሰቡ ሲጠራ ብቻ ነው አንዷ የምትዘለለው።

*

አብረውን ከመጡት መካከል አንድ የደባርቅ አባት ነበሩ። ከእህትማማቾቹ ረጅሟ 77 ሜትር ገደማ ናት ሲባሉ ልጆቹን ዞር ብለው አዩና «ይሄን ብላችሁ ነው በሌሊት የቀሰቀሳችሁኝ?» አሉ። ወደ ምሥራቅ ያለው ቢቺ ሄድ 162 ሜትር እንደሚደርስ ነገርናቸው። እሱም አላስደነቃቸውም። ሰሜን ተራሮች ላይ አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ገደል ያየ ዓይን በዚህ አይሞላም። «ጭላዳ እንኳ የለውም» ብለው ደመደሙ።

ትንሽ ቆይተው ግን ከአፋፉ ጥቂት እርምጃ ወዲህ፣ ሣሩ ላይ፣ ከገደሉ ጋር ትይዩ የሄደ ስንጥቅ አዩና ዝም አሉ። የሰሜን ገደል ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዝናብና ውርጭ ቢበላውም በአንድ ሰው ዕድሜ ከቦታው የተነሣ አይመስልም። እረኛው አባቱ ባሳየው አፋፍ ላይ ልጁንም ያሳያል። ይህ ግን ጠመኔ ነው። እዚህ የዘንድሮው ጫፍ የአምናው ጫፍ አይደለም፤ አባት ለልጁ የሚያሳየው ቦታ ልጁ ሲያድግ ባሕር ውስጥ ነው።

*

ከለንደን ስንነሣ ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው እንግሊዛዊ እስኪወርድ ድረስ ቀና ብሎ አላየኝም። ገደሉ ላይ ያገኘናቸው ግን አንድም ሳይቀሩ «ሞርኒንግ!» ይላሉ። አገሩም ያው፣ ሰዉም ያው ነው፤ የተለወጠው እግሩ ስር ያለው ነገር ብቻ ነው። ውሻ የያዘ ከሆነ ደግሞ ሰላምታው ይረዝማል፤ ውሻውን ካደነቁለት ስለ ጉልበቱ ሕመም ሳይቀር ያጫውታል።

*

ጠመኔው የተሠራው በዳይኖሰሮች ዘመን በነበረ ሞቃት ባሕር ውስጥ ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር እፅዋት ይሞታሉ፤ የለበሱት ኖራ መሰል ቅርፊት ወደ ወለሉ ይሰጥማል። በሺህ ዓመት የሚጠራቀመው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው መቶ ሜትር የሞላው። በነጩ መካከል አግድም የተሰመሩት ጥቁር መስመሮች ባልጩት ናቸው፤ የድንጋይ ዘመን ሰው መሣሪያውን የጠረበው ከዚህ ዓይነቱ ነው። ገደሉ ሲናድ ጠመኔው ባሕሩ ውስጥ ተፈጭቶ ይጠፋል፤ ባልጩቱ ይቀርና ማዕበሉ ያሞለሙለዋል። ዳርቻው ላይ ስንራመድ የሚንኳኳው ጠጠር ያ ነው።

ነጭነቱን ሰው ሁሉ ያደንቃል። ነጭ የሆነው ግን ስለሚናድ ነው። ባሕሩ ከስር ይቦረቡረዋል፣ ላዩ መደገፊያ ያጣና ይወርዳል፣ አዲስ ፊት ይወጣል። ማዕበል የማይደርስበት የጠመኔ ገደል ውሎ አድሮ ይጋደማል፣ ሣር ያበቅላል፣ ይጠቁራል። ዓለም በዘፈንና በታሪክ የሚያውቀው የዶቨር ገደል ከፊሉ ወደቡ ስለከለለው እንዲህ ሆኗል። ስለዚህ ፊልም ሠሪዎች ዶቨርን ማሳየት ሲፈልጉ ወደዚህ ይመጣሉ። በ1991 በወጣው የሮቢን ሁድ ፊልም (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኬቨን ኮስትነር ከመስቀል ጦርነት ተመልሶ እንግሊዝ ምድር የረገጠው በእነዚህ እህትማማቾች ስር ነው። ዶቨር ስሙን አዋሰ፣ እነሱ መልካቸውን። ክፍያውን ማን እንደወሰደ እንጃ።

*

ወደ ምዕራብ ጥቂት ሄድ ብሎ ፒስሄቨን የሚባል ከተማ አለ። ከ1916 ጀምሮ ገደሉ ራስ ላይ ያለው መሬት ተሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ ተሸጠ፤ ቤቶቹ እንደ ወታደር ሰፈር ተሰልፈው ተሠሩ። ቤት ካለ ገደሉ መናድ የለበትም፤ ስለዚህ ስሩ በሲሚንቶ ግንብ ታሰረ፣ ፊቱም ተስተካከለ። እሱም ጠመኔ ነው፣ እሱም ያንኑ ባሕር ያያል። ከቶኪዮና ከሴኡል ተነሥቶ ፎቶ ሊያነሣው የሚመጣ ግን የለም።

እህትማማቾቹም ከዚያ ዕጣ ያመለጡት ለጥቂት ነው። በ1920ዎቹ ነጋዴዎች ይህንንም መሬት ዓይናቸውን ጥለውበት ነበር። የአካባቢው ተቆርቋሪዎች ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው በ1926 ክሮውሊንክ የሚባለውን የገደሉን ራስ ገዙት። በ1929 ደግሞ የኢስትቦርን ከተማ አስተዳደር በቢቺ ሄድ ዙሪያ ያለውን ሰፊ መሬት ገዛ። ዛሬ አካባቢው በሳውዝ ዳውንስ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ነው፤ ፓርኩ የተቋቋመው በ2010 ነው። ጎብኚው «እንዴት ያለ ያልተነካ ተፈጥሮ!» ይላል። ጸጥታው ግን ደረሰኝ አለው። በጎቹም ቢሆኑ ሥራ ላይ ናቸው፤ እነሱ ሣሩን ባይግጡት ኮረብታው በቁጥቋጦ ይዋጥ ነበር።

በየጉባኤው «ገደሉን አድኑልን» የሚል ሰው አይጠፋም። ፓርኩ የሚጠብቀው ግን መናዱን ነው። ካዳኑት ፒስሄቨን ይሆናል።

*

በርሊንግ ጋፕ ላይ ገደሉ ዝቅ ስለሚል በብረት ደረጃ ወደ ዳርቻው ይወረዳል። ታች ቆሞ ሽቅብ የሚያይ ሰው፣ ላይ ያለው ሰው የማያየውን ያያል፦ ሣሩ ወደ ውጭ እንደ ቆብ ጠርዝ ወጥቷል፤ ከሣሩ ስር ምንም የለም። የልብስ ማስታወቂያ የሚሠሩ የሚመስሉ ወጣቶች እዚያ ሣር ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ፎቶ ይነሣሉ። አንዷን አየሁና ከታች ሆኜ እጄን አወናጨፍሁ፣ ወደ ኋላ ተመለሺ ለማለት። ሰላምታ መስሏት እሷም እጇን አወናጨፈችልኝ። ጓደኛዋም ፎቶ አነሣት።

ታች ያለነውም ብልሆች አልነበርንም። ሰሌዳው ሁለቱንም ነው የሚከለክለው፤ ከአፋፉም ራቁ፣ ከስሩም ራቁ ይላል። በሚያዝያ 2001 ቢቺ ሄድ ላይ «የሰይጣን ጭስ ማውጫ» የሚባል ብቻውን የቆመ የጠመኔ ዓምድ ተንዶ ባሕር ውስጥ ገባ። ለስንት ዘመን የፖስታ ካርድ ጌጥ የነበረ ዓምድ ነው።

ለምን አጥር የለም? ይህን ያልጠየቀ ሐበሻ አላየሁም። እናቶች በተለይ ይናደዳሉ፤ «እንዲህ ያለ ሀብታም መንግሥት ሽቦ አጥቶ ነው?» ይላሉ። አጥሩ የት ይቆማል ነው ጥያቄው። ዛሬ ከአፋፉ አሥር እርምጃ ወዲህ የተተከለ ምሰሶ ዓመታት ሲያልፉ ራሱ አፋፍ ላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሰው አጥር አለ ብሎ ተማምኖ ይደገፈዋል። ሰሜን ፓርክ ሲገቡ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አብሮ ይሄዳል። እዚህ የሚመደብልህ የራስህ ልብ ነው። ልብ ደግሞ ካሜራ ፊት አይታመንም።

*

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ገደሉ በምን ፍጥነት ወደ ኋላ እንደሚሄድ አስልቷል። መንገዱ ይገርማል። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ቤሪሊየም-10 የሚባል እጅግ ጥቂት ነገር ይፈጥራል፤ ድንጋዩ ሰማይ ያየበት ዘመን በረዘመ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። ገደሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ፊት ለፊቱ ጠፍጣፋ የድንጋይ ወለል ትቶ ነው የሚሄደው፤ ባሕሩ ሲጎድል ይታያል። ተመራማሪዎቹ ከዚያ ወለል ላይ ባልጩት ለቅመው ለኩ። ላለፉት 7,000 ዓመታት ገደሉ በዓመት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነበር የሚያፈገፍገው። ባለፉት 150 ዓመታት ግን በዓመት ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ሆኗል።

ምክንያቱ ላይ ነው የቆምሁት። የገደሉን ስር ከማዕበል የሚጋርደው ከፊቱ የተከመረው ጠጠር ነው። ጠጠሩ በማዕበል እየተገፋ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። በምዕራብ ያሉት ከተሞች የየራሳቸውን ዳርቻ ለመጠበቅ ግንብ ሠሩ፣ ወደ ባሕሩ የሚዘረጋ አጥር አቆሙ፣ የወደብ ክንድ ዘረጉ፤ ጠጠሩ እዚያው ቀረ። ስሩ የተራቆተው ገደል ማዕበሉን ባዶ ደረቱን ይቀበላል። የማዕበሉ መበርታትም ታክሎበት ነው። ሲፎርድ ላይ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው፤ ባሕሩ የገፋውን ጠጠር በየዓመቱ በከባድ መኪና ጭነው ወደነበረበት ይመልሱታል። ባሕሩም መልሶ ይገፋዋል። የማያልቅ እንጀራ ያገኘ ሾፌር ነው።

*

ምሳ። እንግሊዛዊው ሳንድዊቹን ከኪሱ አውጥቶ እየሄደ ይበላል። እኛ ጨርቅ ዘረጋን፣ ሳህን ደረደርን፣ ፔርሙስ አወጣን፤ ንፋሱ እንጀራውን ከነሶፍት ሊወስደው ሲታገል አራት ሰው በአራት ማዕዘን ተቀመጠበት። በእንደዚህ ያለ ንፋስ ወጥ ይዞ መሄድ ድፍረት ነው። ሆኖም ያላፊ አግዳሚውን ዓይን ከባሕሩ ላይ የነጠቀ እሱ ብቻ ነበር።

*

ባሕር ያላየ ልጅ ባሕር ሲያይ ይጮኻል፤ ባሕር ያየ ግን ሁልጊዜ አይጮኽም። ከእኛ ጋር ከካሌ በላስቲክ ጀልባ የተሻገረ አንድ ወጣት ነበር። ያ መሻገሪያ ከዚህ በስተምሥራቅ ርቆ፣ በዶቨር በኩል፣ ከ33 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጠው ጠባቡ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚህ ደግሞ ማዶው ፈረንሳይ ስለሚርቅ አይታይም። ውሃው ግን አንድ ነው። ሌሎቻችን ወደ አድማሱ ዞረን ስንሥቅ እሱ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ በጎቹን ፎቶ ያነሣ ነበር። ከመካከላችን አንዷ «ምነው፣ ባሕሩ አላማረህም?» አለችው። «በጉ ይበልጣል» አላት። ማንም አልደገመውም።

*

ከሜዳው ወደ ባሕሩ ሲመጣ እየተጠማዘዘ እንደ እባብ የሚሄደው የከክሚር ወንዝ የሁሉም ካሜራ ምርኮ ነው። የሚያነሡት ግን ወንዙን አይደለም። በ1840ዎቹ መገባደጃ ውሃው በቀጥታ በተቆፈረ ቦይ ወደ ባሕሩ እንዲወርድ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ የቆመ ውሃ ነው። እውነተኛው ወንዝ ከጎኑ እንደ መንገድ ቀጥ ብሎ ይፈስሳል፤ ማንም ዞሮ አያየውም።

ከወንዙ አፍ በምዕራብ በኩል ያሉት የድሮ የባሕር ጠባቂዎች ቤቶችም እንዲሁ ዝነኞች ናቸው። እህትማማቾቹን ከኋላ፣ ቤቶቹን ከፊት አድርጎ ያልተነሣ የእንግሊዝ ቀን መቁጠሪያ አላየሁም። ባለቤቶቹ ዳርቻቸው እንዳይናድ ይሟገታሉ። ከኋላቸው ያለው ገደል እንዲናድ ተትቷል። ሁለቱም ባንድ ፎቶ ውስጥ ናቸው።

*

በርሊንግ ጋፕ ያሉት ቤቶች ግን ተሸንፈዋል። በተርታ ተያይዘው የተሠሩ ነበሩ። ባሕሩ ሲቀርብ ጫፍ ላይ ያለው ይፈርሳል፤ ከዚያ ሁለተኛው ተራውን ይይዛል። በ2013ና በ2014 መካከል በነበረው ክረምት ማዕበሉ በሰባት ዓመት የሚወስደውን ያህል ገደል በሁለት ወር ገደማ እንደወሰደ ቦታውን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት ተናግሯል፤ በዚያው በ2014 አንድ ቤት ፈርሷል። ያፈረሰው ባሕሩ አይደለም። ባሕሩ ሳይደርስ ሠራተኛ መጥቶ፣ ጣሪያውን አውርዶ፣ ጡቡን ለቅሞ፣ በሥርዓት አፈረሰው። የእንግሊዝ ሰው ቤቱን ለባሕር ሲያስረክብም በፈቃድ ወረቀት ነው። አጠገቡ ያለው ሻይ ቤት ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ኬክ እየበላን የቀሩትን ቤቶች በመስኮት እናያለን። ጫፍ ላይ ያለው ቤት ግድግዳ ተለስኗል።

*

ቢቺ ሄድ ላይ ሌላ ዓይነት ሰዎችም ይዘዋወራሉ። ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አለ፤ ብቻውን ለረጅም ሰዓት የቆመ ሰው ሲያዩ ቀስ ብለው ይቀርቡና እንዴት ነህ ይሉታል። አብዛኛው ሥራቸው ይኸው ነው፦ መጠየቅና መልሱን እስኪጨርስ መጠበቅ። እኛ እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ደኅና ነህ ወይ እያልን አሥር ጊዜ እንጠይቃለን። መልሱን የሚጠብቅ ግን ስንቱ ነው?

*

በዚህ ዳርቻ ያሉት የመርከብ መሪ መብራቶች ሁለት ናቸው። አሮጌው ቤል ቱት ይባላል፤ ገደሉ ራስ ላይ ያለ ሲሆን ከ1834 ጀምሮ ነው የበራው። ብልሃቱ ቦታው ላይ ነበር። ማማው ከአፋፉ ወደ ኋላ ገባ ብሎ የተሠራው መርከብ ወደ ዳርቻው ከልክ በላይ ሲቀርብ የገደሉ ጠርዝ መብራቱን እንዲጋርደው ነው። መርከበኛው መብራቱን ካየ ደኅና ነው፤ ከጠፋበት አደጋ ላይ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ጠርዙ ባለበት ቢቆይ። ጠርዙ ወደ ማማው በቀረበ ቁጥር መብራቱ አለቦታው ይታይ ጀመር፤ መርከበኛው አደጋ ውስጥ ሆኖም መብራቱን እያየ ደኅና ነኝ ይላል። ጭጋጉም አላገዘም፤ ጭጋግ ሲወርድ ገደሉ ራስ ላይ ያለ መብራት ከደመና በላይ ነው።

ስለዚህ በ1902 አዲስ ማማ ተሠራ፣ ይኸኛው ከገደሉ ስር፣ ባሕሩ ውስጥ፤ ቁመቱ 43 ሜትር ነው። ድንጋዩ ከኮርንዎል መጥቶ ከአፋፉ በተዘረጋ ገመድ ወደ ታች ወርዷል። ቀይና ነጭ ቀለበት የተቀባው ለቀን መለያ ነው። አስተዳዳሪው ትሪኒቲ ሐውስ በ2011 ከእንግዲህ አልቀባውም አለ፤ መርከቦች በሳተላይት ስለሚመሩ ቀለሙ አያስፈልጋቸውም። እውነቱን ነው። የአካባቢው ሰው ግን አልተዋጠለትም፤ 27,000 ፓውንድ አዋጥቶ በ2013 አስቀባው። መርከበኛው የማያስፈልገውን ቀለም የገዙት በየብስ ያሉት ናቸው፤ ከዚህ የበለጠ የሚገባኝ ወጪ የለም።

አሮጌው ቤል ቱት ደግሞ መብራቱ ከጠፋ በኋላ መኖሪያ ቤት ሆነ። በ1999 አፋፉ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ሲደርስበት ባለቤቶቹ ሊያፈርሱት አልፈለጉም። 850 ቶን የሚመዝነውን ሕንፃ ከመሠረቱ ቆርጠው በሃይድሮሊክ ክሪክ ወደ ላይ አነሡት፣ ቅባት በተቀቡ ሐዲዶች ላይ አንሸራተው 17 ሜትር ወደ ኋላ ወሰዱት። አዲሱ መሠረትም ወደፊት ደግሞ መነሣት ቢያስፈልግ እንዲመች ተደርጎ ነው የተሠራው። ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የሚያድሩበት ሰዎች ጠዋት ቁርሳቸውን እየበሉ ገደሉን ያያሉ፤ ገደሉም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ እነሱ ይመጣል። የክፍሉን ዋጋ ጠይቄ ነበር። እሱ ወደ ኋላ አልሄደም።